በቼልተንሃም ከተማ ስላሉት መንታ ቪላዎች

በምዕራብ እንግሊዝ በግሎስተርሺር የምትገኘው የቼልተንሃም ከተማ ስም ያገኘችው በውሃዋ ነው። ውሃው ፍል አይደለም፤ ቀዝቃዛና ጨዋማ ሲሆን መድኃኒት ነው ተብሎ ይጠጣ ነበር። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በ1788 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) መጥተው ከጠጡት ወዲህ ከተማዋ የባለጸጎች መሰብሰቢያ ሆነች። ጎብኚዎች አብዝተው የሚያደንቁት ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በፊት የተሠሩትን ረጃጅም የቤት ረድፎች ነው። እኛ ግን የምንመለከተው ቀጥለው የመጡትን መንታ ቪላዎች፣ ይኸውም አንድ ግድግዳ ተጋርተው ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙትን ቤቶች ነው።

እነዚህ ቤቶች የበዙት የሰው ምርጫ ስለ ተለወጠ ነው ይባላል። በእኛ አስተያየት ግን ከምርጫው ይልቅ ገንዘቡ ይቀድማል። ጆሴፍ ፒት የሚባል ጠበቃና ባለባንክ በስሙ ፒትቪል የተባለውን ሰፈር በ1820ዎቹ ማሠራት ጀመረ። አርክቴክቱ ጆን ፎርብስ ዓምድና ጉልላት ያለውን ታላቁን የውሃ መጠጫ አዳራሽ ሠርቶለት በ1830 ተከፈተ። ነገር ግን በ1825 መጨረሻ የእንግሊዝ ባንኮች ተናግተው ስለ ነበር የቤቱ ሥራ ተጓተተ፤ ፒትም በ1842 ብዙ ዕዳ ትቶ ሞተ። የቤት ረድፍ እኩሌታው ላይ ቢቆም ጫፉ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ይቀራል። መንታ ቤት ግን ሁለቱ ካለቁ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ግንበኛም አንዱን ጥንድ ሸጦ ሌላውን ሊጀምር ይችላል።

ለዚህ አሠራር አስቀድሞ ምሳሌ የሰጠው ጆን ላውደን ነው። በ1820ዎቹ በለንደን፣ በፖርቼስተር ቴራስ መንታ ቤት ሠርቶ በአንደኛው ራሱ ኖረ። በሮቹን በጎንና በጎን አድርጎ፣ መካከሉን ጉልላት ባለው የመስታወት የአትክልት ቤት ስለ ሸፈነው፣ ከመንገድ ለሚያየው ሰው አንድ ትልቅ ቤት ይመስል ነበር። በቼልተንሃምም ብዙዎቹ ጥንዶች ይህንኑ ዘዴ ይከተላሉ፤ ጣራው አንድ፣ መስኮቱ የተመጣጠነ፣ በሩ ወደ ጎን የተሸሸገ ነው። ፊቱም ጡብ ሆኖ ሳለ ድንጋይ እንዲመስል በልስን ላይ መስመር ይሰመርበታል። እንግዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ ያስመስላል ማለት ነው፤ ይህን እንደ ነቀፋ አንቈጥረውም፤ የግንበኛው ብልሃት ያለው እዚያው ላይ ነውና።

የመስታወት ቀረጥ በ1845፣ የጡብ ቀረጥ በ1850፣ የመስኮት ግብር በ1851 ሲቀር ግን መልኩ መለወጥ ጀመረ። መስኮቱ ሰፋ፣ ወደ ውጭም ወጣ፤ የጣልያንና የጎቲክ ስልት ገባ።

በእነዚህ ቤቶች ይኖሩ ከነበሩት መካከል ከህንድ አገር አገልግሎት በጡረታ የተመለሱ መኮንኖችና ሹማምንት ነበሩ። የውሃው ዝና ሲቀንስ በ1841 የተከፈተው የቼልተንሃም ኮሌጅና በ1853 የተቋቋመው የልጃገረዶች ኮሌጅ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ሳቡ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በ1872 ወደዚህ ከተማ መጥቶ በኮሌጁ ኃላፊ በጄክስ ብሌክ ጥበቃ ሥር ተማረ፤ በ1874ም ከእርሳቸው ጋር ወደ ራግቢ ሄደ። ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ የሚመስለው ይህ የከተማ ገጽታ ለእርሱ የዕለት መንገዱ ነበር።

የቤቱ የውስጥ አከፋፈል ከፊቱ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ሳሎኑ ከፍ ብሎ ብርሃን ሲያገኝ፣ ወጥ ቤቱና የአሽከሮቹ ሥራ በምድር ቤት ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ብዙዎቹ ቪላዎች በአፓርታማ ተከፋፍለዋል፤ ያን ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ በተሠራው የጎን በር ላይም የበርካታ ተከራዮች ደወል ተደርድሮ ይታያል።