ከነህረዋን እስከ ሊቢያ፦ የተክፊር መዘዝ



አንዲት እናት ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ጠብቀው፣ «ሼኽ፣ ልጄ የአባቱን ሰላት ሰላት አይደለም ማለት ጀምሯል፤ ምን ላድርግ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ታሪክን ያየ ሰው ግን ይደነግጣል፤ ዛሬ የዓለምን ጸጥታ የሚያናጉ ታጣቂ ቡድኖች መነሻቸው ይኸው ነውና። ስሙ ተክፊር ይባላል፤ ሙስሊሙን ያለ ዒልም «ካፊር» ብሎ ደሙን ሐላል ማድረግ ነው።

በ37 ዓመተ ሂጅራ በሲፊን ጦርነት ዐሊይና ሙዓዊያህ (ረ.ዐ) ደም መፋሰሱ እንዲቆም በዳኞች ለመሸምገል ተስማሙ። ከዐሊይ ሠራዊት የተወሰኑት ግን «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» ብለው ተነጠሉ፤ ሽምግልናውን የተቀበለውን ሁሉ አከፈሩ። ኸዋሪጅ የተባሉት እነዚህ ናቸው። ሰላትና ጾም የሚያበዙ፣ ቁርኣን የሚያነበንቡ ነበሩ፤ የጎደላቸው ዒልም ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ከመካከላቸው አንዱ ከዛፍ የወደቀች ተምር አንስቶ ቢጎርስ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ!» ብለው አስተፉት። እነዚሁ ሰዎች የሶሓባውን የኸባብን ልጅ ዐብዱላህን ከነፍሰ ጡር ባለቤቱ ጋር ገደሉ። ለአንዲት ተምር የተጨነቀ ልብ ለሰው ደም አልራራም!

ዐሊይ (ረ.ዐ) አልተቻኮሉም። ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) ልከው በማስረጃ አወያዩአቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመለሱ። ለቀሩትም፣ ውጊያ እስካልጀመሩ ድረስ ከመስጂድ እንደማይከለከሉና ድርሻቸው እንደማይጓደል ነገሯቸው። ሰይፍ የተመዘዘው ንጹሐንን ከገደሉ በኋላ፣ በ38 ዓመተ ሂጅራ በነህረዋን ነው። በ40 ዓመተ ሂጅራ በረመዷን፣ ከእነርሱ ወገን የሆነው ኢብኑ ሙልጀም ዐሊይን በኩፋ መስጂድ፣ በሱብሒ ሰላት ሰዓት በሰይፍ መታቸው። በዚያው ቁስል ሞቱ።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ዳዒሽ፣ አይኤስ የሚባለው ቡድን፣ እ.ኤ.አ በጁን 2014 ሞሱልን ይዞ «ኺላፋ መሠረትኩ» አለ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በ2015 እንደገለጹት፣ ከዳዒሽና ከአልቃኢዳ ጋር የተሰለፉት የውጭ ታጣቂዎች ከ25,000 በላይ፣ የመጡባቸው አገሮችም ከ100 በላይ ነበሩ። ጁን 26 ቀን 2015፣ በረመዷን ጁሙዓ፣ ኩዌት ውስጥ በአንድ የሺዓዎች መስጂድ ባደረሰው ፍንዳታ 27 ሰዎች ሞቱ። እንደ ኩፋው ሁሉ ወሩ ረመዷን፣ ቦታው መስጂድ ነበር!

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 2015፣ በሊቢያ በኩል እንጀራ ፍለጋ የተሰደዱ 30 ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በግፍ ገድሎ ምስሉን አሰራጨ። ሶሓቦች ከመካ ግፍ ሲሸሹ ያስጠጋቸው፣ ያኔ በክርስትና ላይ የነበረው ንጉሥ ነጃሺ ነው። የዚያ አገር ስደተኛ በኢስላም ስም ታረደ! ሐዘኑ የሁላችንም ነበር።

ዑለማኦች ዝም አላሉም። በሴፕቴምበር 2014 ከ120 በላይ ዑለማኦችና ምሁራን ለቡድኑ መሪ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ማክፈሩንም ንጹሐንን መግደሉንም በማስረጃ ውድቅ አደረጉ። ቡድኑ በማርች 2019 ሶሪያ ውስጥ የመጨረሻ መሬቱን ተነጠቀ። ቅርንጫፎቹ ግን በአፍሪካም በእስያም ደም ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ። መሬት በጦር ይመለሳል፤ ልብ የሚመለሰው ግን በዒልም ነው።

ለእኚያ እናትም የመለስኩት ይህንኑ ነው። ልጁን ከቤት አታባርሩት፤ ከባረራችሁት የሚቀበለው ሌላ ነው። ኢብኑ ዐባስ እንዳደረጉት፣ ኪታብ ከቀራ ዓሊም ፊት አስቀምጡት፤ ጥያቄውን ሁሉ ያውጣ። ደም ለማፍሰስ የሚያሤር ከሆነ ግን ዝምታ አይፈቀድም፤ ዐሊይም ዝም አላሉም።

አላህ ልጆቻችንን ዒልም ከሌለው ስሜት ይጠብቅልን። ኣሚን።