የውስጠኛው ቁርጭምጭሚት የጅማት ሕመም

የውስጠኛው ቁርጭምጭሚት የጅማት ሕመም በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን ካለው የአጥንት ጉብታ ጀርባ የሚያልፉትን ጅማቶች የሚያጠቃ ሕመም ነው። ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚታመመው የኋላ ቲቢያ ጅማት ወይም ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር የሚባለው ነው። ይህ ጅማት የውስጥ እግርን ቅስት ደግፎ ስለሚይዝ፣ ሲደክም ቅስቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ እግሩም ጠፍጣፋ ይሆናል። በአዋቂነት ዕድሜ ለሚመጣ ጠፍጣፋ እግር ዋነኛ ከሆኑት መንስኤዎች አንዱ ይኸው ነው። ሕመሙ ገና ሲጀምር ከታወቀ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ለዓመታት ችላ ከተባለ ግን የእግሩ መገጣጠሚያዎች እንደተጣመሙ ይደርቃሉ፤ ያኔ ቅርጹን በቀዶ ሕክምና ካልሆነ መመለስ አይቻልም።

የጅማቱ አቀማመጥና ሥራ

በአማርኛ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውም (ቴንደን)፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውም (ሊጋመንት) ጅማት ይባላል። ወለምታ በዋናነት የሚጎዳው ሁለተኛውን ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የመጀመሪያው ነው።

በውስጠኛው ጉብታ ጀርባ ሦስት ጅማቶች ተከታትለው ወደ ውስጥ እግር ይወርዳሉ። ለአጥንቱ ቅርብ የሆነው የኋላ ቲቢያ ጅማት ነው፤ ቀጥሎ ትንንሾቹን የእግር ጣቶች የሚያጥፈው፣ በመጨረሻም አውራ ጣትን የሚያጥፈው ይገኛል። በኋለኞቹ ሁለቱ መካከል የደም ቧንቧና ነርቭ ያልፋሉ። ሁሉንም ከላይ ጠንካራ ሽፋን ይይዛቸዋል።

የኋላ ቲቢያ ጡንቻ የሚነሳው ከባት ሥር፣ ከሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች የኋላ ገጽ ነው። ጅማቱ ጉብታውን እንደ መዘውር ተጠምዝዞ ካለፈ በኋላ በዋናነት ናቪኩላር ከሚባለው የመሐል እግር አጥንት ላይ ይያያዛል፤ ቅርንጫፎቹም ወደ ሌሎቹ የውስጥ እግር አጥንቶች ይዘረጋሉ። ሥራው እግርን ወደ ውስጥ ማዞርና ቅስቱን ወደ ላይ መያዝ ነው። ሰው ሲራመድ ተረከዙን ከመሬት በሚያነሣበት ቅጽበት ይህ ጅማት የመሐል እግርን መገጣጠሚያዎች ያጠብቃል፤ እግሩም የሰውነትን ክብደት ወደፊት የሚገፋ ጠንካራ ዘንግ ይሆናል። ጅማቱ ካልሠራ እግሩ በዚያ ቅጽበት መሐሉ ላይ ይለጠጣል።

መንስኤ

ሕመሙ አልፎ አልፎ ከድንገተኛ አደጋ በኋላ ቢመጣም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዝግታ ነው። ጅማቱ ከጉብታው ጀርባ በጠባብ ስፍራ ስለሚታጠፍ በየእርምጃው ይፋተጋል። በዚያው አካባቢ የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ ጥቃቅን ስንጥቆች ቶሎ አይጠገኑም። ስለዚህ መጀመሪያ የጅማቱ ሽፋን ይቆጣል፤ ቀጥሎም ጅማቱ ራሱ ይወፍራል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ሊበጠስ ይችላል።

ሕመሙ ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ እንደ ሩማቶይድ አርትራይትስ ያሉ የመገጣጠሚያ ሕመሞችና ቀድሞ የነበረ ጠፍጣፋ እግር አጋላጭ ሁኔታዎች ናቸው። በሯጮች ዘንድ የልምምድን መጠን በአንድ ጊዜ መጨመር ጅማቱን ያስቆጣል። አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ደግሞ በእግር ጣታቸው ጫፍ በሚቆሙ የባሌ ተወዛዋዦች ላይ በተደጋጋሚ ይታመማል።

ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት ከውስጠኛው ጉብታ ጀርባና ሥር እስከ መሐል እግር የሚዘልቅ ሕመምና እብጠት ነው። ብዙ ሲቆሙ፣ ደረጃ ሲወጡ ወይም ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሲራመዱ ይብሳል። እየቆየ ሲሄድ ቅስቱ ይወርዳል፣ ተረከዙ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ጫማውም በውስጥ በኩል ቶሎ ያልቃል። ቅርጹ በጣም ሲበላሽ የውጭው ጎን አጥንቶች ስለሚጋጩ ሕመሙ ወደ ውጭ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ የውስጡ ሕመም ሊቀንስ ስለሚችል ታማሚው የተሻለው ይመስለዋል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከወለምታ ጋር ይምታታል። ወለምታ እግር ሲጠመዘዝ በድንገት ይደርሳል፤ በአብዛኛውም የውጭውን ጎን ይጎዳል። የጅማቱ ሕመም ግን የተለየ አጋጣሚ ሳይኖር በውስጥ ጎን ይጀምርና ሳምንታት ሲያልፉ እየባሰ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ለቁርጭምጭሚት ሕመም ወጌሻ ዘንድ መሄድ የተለመደ ቢሆንም፣ የተሰነጠቀን ጅማት አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ምርመራ

ሐኪሙ ታማሚውን አቁሞ ከኋላ ይመለከታል። የታመመው እግር ወደ ውጭ ስለሚዞር በዚያ በኩል ከጤነኛው የበለጡ ጣቶች ይታያሉ። ቀጥሎ ታማሚው ግድግዳ ይዞ በአንድ እግሩ እንዲቆምና ተረከዙን እንዲያነሣ ይጠየቃል። በጤነኛ እግር ተረከዙ ሲነሣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ጅማቱ የደከመበት ሰው ግን ያመዋል ወይም ጭራሽ ማንሣት ያቅተዋል። ቆሞ የሚነሣ ራጅ የአጥንቶቹን አሰላለፍ፣ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ደግሞ የጅማቱን ሁኔታ ያሳያሉ። የነርቭ መታፈን፣ ሪህና ስውር የአጥንት ስንጥቅ ተመሳሳይ ሕመም ስለሚፈጥሩ ተለይተው መታወቅ አለባቸው።

ደረጃዎች

በ1989 ጆንሰንና ስትሮም የተባሉ ሐኪሞች ሕመሙን በሦስት ደረጃ ከፈሉት፤ በኋላም ማየርሰን አራተኛውን ጨመረ።

1ኛ ደረጃ፦ ሕመምና እብጠት አለ፤ የእግሩ ቅርጽ ግን አልተለወጠም።
2ኛ ደረጃ፦ ቅስቱ ወርዷል፤ ሆኖም እግሩ በእጅ ሲያዝ ወደ ቦታው ይመለሳል።
3ኛ ደረጃ፦ መገጣጠሚያዎቹ ደርቀዋል፤ እግሩም በእጅ አይቃናም።
4ኛ ደረጃ፦ መጣመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ደርሷል።

በ2020 የዘርፉ ባለሙያዎች ቡድን ችግሩ የአንድ ጅማት ብቻ ሳይሆን የመላው እግር መሆኑን የሚገልጽ አዲስ ስያሜና አከፋፈል አቅርቧል። ሆኖም የቀድሞው አከፋፈል አሁንም በሰፊው ይሠራበታል።

ሕክምና

በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሕክምናው ዓላማ በጅማቱ ላይ ያለውን ጫና መቀነስ፣ ከዚያም ጅማቱን ማጠንከር ነው። ሩጫና ዝላይ ይቆማሉ፤ በምትካቸው ዋና ወይም ብስክሌት ይመከራል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሳል፤ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ግን በረዶው ቆዳቸውን ሊጎዳው ስለሚችል መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የሕመም ስሜቱን እንጂ የጅማቱን ድካም አያድንም። ሕመሙ ከበረታ እግሩ ለተወሰኑ ሳምንታት በጄሶ ወይም በሕክምና ቦት ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ቅስቱን የሚደግፍ ሶል ወይም የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ይታዘዛል። የስቴሮይድ መርፌ ጅማቱን ለመበጠስ ሊያጋልጠው ስለሚችል በአብዛኛው አይመከርም።

የፊዚዮቴራፒው ዋና ክፍል ቀስ በቀስ የሚከብድ ልምምድ ነው። ታማሚው ተቀምጦ በሚለጠጥ ላስቲክ ላይ እግሩን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያም በዝግታ ይመልሳል። ሲጠነክር በሁለት እግር፣ በኋላም በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሣት ይለማመዳል። ባት መሳሳብም ይጨመራል፤ የተኮማተረ ባት የመሐል እግርን ይጫናልና። ጅማት በዝግታ ስለሚያገግም ውጤቱ የሚታየው ከወራት ክትትል በኋላ ነው።

ይህ ካልረዳ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በ2ኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ ትንንሾቹን ጣቶች የሚያጥፈው ጅማት በታመመው ምትክ ይተከላል፤ የተረከዝ አጥንትም ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጣቶቹን የሚያጥፉ ሌሎች ጡንቻዎች ስላሉ የጅማቱ መወሰድ አካሄድን እምብዛም አያውክም። በ3ኛ ደረጃ የደረቁት መገጣጠሚያዎች ተስተካክለው እንዲገጥሙ ይደረጋል። ይህ ሕመሙን ቢቀንስም እግሩ ወደ ጎን የመዞር አቅሙን ያጣል። ሙሉ ማገገም እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

አስቸኳይ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች

በድንገት የመበጠስ ስሜት ከተሰማ፣ እግሩ ክብደት መሸከም ካቃተው፣ ወይም መቅላትና ትኩሳት ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ካበጠና ከሞቀ ሕመም ባይሰማውም እንኳ በአስቸኳይ መታየት አለበት፤ በነርቭ መጎዳት ምክንያት አጥንቶቹ ሳይታወቁ ሊሰበሩ ይችላሉና። ባት ላይ አዲስ እብጠትና ሕመም ሲኖር ደግሞ የደም መርጋት መኖር አለመኖሩ መጣራት ይኖርበታል።