ጳጳስ ያወጣው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ጳጳስ ስም ስላወጣለት ዓሣ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የለመደብኝ አመል ሆኖ፣ የስም ነገር ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ጳጳሱ ዮሃን ኤርንስት ጉነሩስ ይባላሉ። በ1758 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኖርዌይ የትሮንድሃይም ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ስብከቱ ብቻ አልበቃቸውም፤ በ1760 ከሁለት የታሪክ ሊቃውንት ጋር የሳይንስ ማኅበር አቋቋሙ። በ1765 በማኅበሩ መጽሔት ላይ «በርግላክስ» ስለሚባል ብርቅ ዓሣ ጻፉ። የዓለት ሳልሞን እንደ ማለት ነው። በላቲን «ኮሪፌኖይደስ ሩፔስትሪስ» ሊባል ይችላል አሉ። ሩፔስትሪስም ያው የዓለት ማለት ነው።

ዓሣው ከጥልቁ ባሕር ግሬናዴር ከሚባሉት ወገን ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ገላው ወደ ኋላ እየቀጠነ ሄዶ እንደ አይጥ ጭራ የሚያልቅ።

ጣጣው የመጣው በ1801 ነው። ፈረንሳዊው ላሴፔድ ለሌላ ግሬናዴር ስም ሲያወጣ «ማክሮውሩስ በርግላክስ» አለው። የፊተኛው ዓሣ የአገር ስም የኋለኛው የሳይንስ ስም ሆኖ ቀረ! ሁለቱን የሚለይ ሰው የሚያየው አፍንጫቸውንና ቅርፊታቸውን ነው። የጳጳሱ ዓሣ አፍንጫው ደልደል፣ ክብ ያለ ነው፤ የላሴፔድ ሾል ብሎ ይወጣል፣ ቅርፊቱም ይሻክራል። ታዲያ ብዙ ጊዜ መርከቡ ላይ ጭንቅላቱና ጭራው ተቆርጦ ይጣላል። የቀረውን ሥጋ አይቶ ማን ይለየው?

ቢለይስ ባይለይስ ምን ገዶን? ትሉኝ ይሆናል። ይገደናል። የሶቪየት መርከቦች በ1960ዎቹ የጳጳሱን ዓሣ በብዛት ማጥመድ ጀመሩ። በ1971 ከሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ብቻ ከ75,000 ቶን በላይ ወጣ። ይህ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ የተወሰደውን ቶሎ አይተካም። በ2006 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በካናዳ ውኃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ አምስት የጥልቅ ባሕር ዓሦች መካከል ሁለቱንም ግሬናዴሮች ቆጠራቸው።

በአውሮፓ ለአንደኛው የማጥመጃ ኮታ ሲወሰን ሌላው ከኮታ ውጭ ነበር። በ2010ዎቹም ተመራማሪዎች፣ በርግላክስ ተብሎ የተመዘገበው ከፊሉ የጳጳሱ ዓሣ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ጥርጣሬያቸውን በሪፖርት አሰፈሩ። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ከ800 ሜትር በታች የባሕር ወለል በሚጠርግ መረብ ማጥመድን ከለከለ።

ስም ጌጥ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ። በመዝገብ ላይ አንዱ በሌላው ስም ሲጻፍ፣ ያላለቀው አለቀ፣ ያለቀውም አለ ይባላል። ጉነሩስ «ሊባል ይችላል» ብለው በትሕትና ያቀረቡት ስም ዛሬም ጸንቶ አለ። የሚያሰጋው፣ ስሙ ቀርቶ ባለስሙ እንዳይጠፋ ነው።