ድሪቶና ነጻነት፦ የአላባማ ሴቶች የስፌት ማኅበር ታሪክ

የታሪክ መጽሐፍ በገለጥን ቁጥር የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታትን ስም፣ የጦርነትን ዘመንና የውልን ቃል ነው። በመርፌና በክር የተሠራ ታሪክ ግን እምብዛም አይገጥመንም። ስለዚህ እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሐፍ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ስለ ጥቂት ድኾች ሴቶች ማኅበር ልንጽፍ ወደድን። እነዚህ ሴቶች በአሜሪካ በአላባማ ግዛት የሚኖሩ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ከአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ ብርድ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉና በገዛ ገንዘባቸው መሬት የገዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በአገራችን በጨርቅ ላይ ጨርቅ እየተደረበ የተጣፈ ልብስ ድሪቶ ይባላል። ቃሉ የችግር ቃል ነው፤ ድሪቶ ለባሽ መባልን የሚወድ ሰው የለም። የአላባማ ሴቶች ሥራም በመነሻው ከዚህ የተለየ አልነበረም። የገበሬው የሥራ ሱሪ ጉልበቱ ሲያልቅ፣ ቀሚስ ሲቀደድ፣ የዱቄቱና የማዳበሪያው ከረጢት ባዶ ሲሆን አንዱም አይጣልም ነበር። ደህና ደህናው እየተቆረጠ ቁራጩ ከቁራጭ ጋር ይገጣጠምና አንድ ሰፊ ጨርቅ ይሆናል። ይህ የላዩ ነው። ከታች ሌላ ጨርቅ ይዘረጋል፤ በሁለቱ መካከል ባዘቶ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ ሦስቱ በአንድነት በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠሩና፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች በሚያልፍ ጥቃቅን ስፌት ያያይዟቸዋል። የላዩን አንዲት ሴት በቤቷ ብቻዋን ትሠራዋለች፤ የማያያዙ ሥራ ግን ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ጎረቤት ተጠርቶ፣ መዝሙር እየተዘመረና የመንደሩ ወሬ እየተወራ ይፈጸማል። የእኛ አገር ሰው ደቦ የሚለው ዓይነት መሆኑ ነው።

ቤታቸው በስንጥቁ ነፋስ የሚያስገባ የእንጨት ጎጆ ስለ ነበረ፣ ብርድ ልብሱ ቤተሰቡን ከክረምት ብርድ የሚያድን ዕቃ ነበር። አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የበለጠ ነገር ይይዛል። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 ባሏ በሞተባት ጊዜ፣ የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ በመስፋት እሱን የምታስታውስበት ብርድ ልብስ አድርጋዋለች። በላብና በፀሐይ የደበዘዘው ሱሪ ዛሬም ጉልበቱ ላይ የነበረው ምልክት ይታይበታል።

ሚዙሪ ፔትዌይና ከሰፊዎቹ ብዙዎቹ የኖሩት በዊልኮክስ አውራጃ ጂዝ ቤንድ በሚባል መንደር ነው። መንደሩን በሦስት ወገን የአላባማ ወንዝ ከብቦታል። ጆሴፍ ጂ የሚባል ሰው በ1816 ወደዚያ መጥቶ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ በ1845 ደግሞ እርሻው ማርክ ፔትዌይ ለሚባል ባለርስት ተላለፈ። እሱም ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና እስከዚያ ድረስ በእግራቸው አስጓዛቸው። ከመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ፔትዌይ ተብለው የሚጠሩት በዚያ ጌታ ስም ነው። ባርነት በ1865 ቢሻርም፣ ልጆቻቸው የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ሆነው ቀሩ። በ1932 ዕቃ በዱቤ ይሰጣቸው የነበረው ነጋዴ በሞተ ጊዜ፣ ዕዳው ይከፈል ተብሎ እህላቸው፣ ከብታቸውና የእርሻ መሣሪያቸው ተጠራርጎ ተወሰደ። ከዚህ መከራ በኋላ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ፣ በ1940ዎቹ ለገበሬዎቹ በረጅም ጊዜ ብድር ሸጠላቸው። ይህ ነገር ለጂዝ ቤንድ ሰዎች ታላቅ ጥቅም ሆነ፤ በገዛ መሬቱ የሚኖር ሰው እንደ ጭሰኛ ከቤቱ ሊባረር አይችልምና።

መባረር ደግሞ ተራ ነገር ነበር። በ1965 መጀመሪያ በዊልኮክስ አውራጃ ከሕዝቡ የሚበዛው ጥቁር ሲሆን፣ በመራጭነት የተመዘገበ ጥቁር ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ወደ ጂዝ ቤንድ መጥተው በቤተ ክርስቲያን ለሕዝቡ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰዎች ለመመዝገብ ወደ አውራጃው ከተማ ወደ ካምደን ይሄዱ ጀመር። ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ከ1962 ጀምሮ ተቋርጦ ስለ ነበረ ረጅሙን መንገድ ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው። አንዳንዶቹ ታሰሩ። በሌሎች የአውራጃው መንደሮች የሚኖሩ ጭሰኞችም ስማቸውን ስላስመዘገቡ ብቻ ከባለርስት መሬት ተባረሩ።

በዚሁ ዓመት በዲሴምበር ወር ፍራንሲስ ዋልተር የሚባሉ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ በአውራጃው ሲዘዋወሩ፣ በአንድ ቤት አጠገብ በገመድ ላይ የተሰጡ ብርድ ልብሶች አዩ። ሥራው አስደነቃቸው። ከዚያም ከየመንደሩ እያንዳንዱን በ10 ዶላር እየገዙ ሰበሰቡና ኒው ዮርክ ወስደው በጨረታ እንዲሸጥ አደረጉ። ሴቶቹም በ26 ማርች 1966 በካምደን በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው «ፍሪደም ኲልቲንግ ቢ»፣ ማለት የነጻነት የስፌት ማኅበርን አቋቋሙ። ኤስቴል ዊዘርስፑን የምትባል ከመካከላቸው የወጣች ሴት ብዙ ዘመን በሥራ አስኪያጅነት መራችው።

የማኅበሩ ሥራ በኒው ዮርክ ብዙ ወዳጅ አገኘ፤ ብሉሚንግዴልን የመሰሉ ታላላቅ መደብሮችም ያዝዙ ጀመር። በገንዘቡ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ የቤት ጣሪያ ታደሰ። ሴቶቹ ግን ገንዘቡን በየቤታቸው ተከፋፍለው ብቻ አልቀሩም። ወደ 23 ኤከር የሚሆን መሬት ገዙ፤ በ1969ም በዶክተር ኪንግ ስም የተጠራ የስፌት ቤት ሠሩበት። ከዚያው መሬት 8 ቦታ ከፍለው በምርጫው ምክንያት ከቤታቸው ለተባረሩ ቤተሰቦች ሸጡላቸው። እኛ ታሪኩን ስናጠና ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። መርፌ የያዘች ሴት የባለርስትን ቁጣ ልትመልስ አትችልም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በአንድነት በሠሩት ሥራ የተባረረው ሰው የሚያርፍበት መሬት ተገኘ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለው እንዲህ ባለው ነገር ይታያል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ሁሉ ደስታ ብቻ ነበር ብንል እውነቱን እናጎድላለን። የከተማ መደብር የሚፈልገው ሁሉም በአንድ ልክ፣ በአንድ ንድፍና በእኩል ስፌት እንዲሠራ ነው። የጂዝ ቤንድ ሴት ግን በቤቷ ስትሠራ በእጇ የገባውን ጨርቅ እያየች፣ ቀዩን ከሰማያዊው ጎን እንደ ልቧ እያኖረች ነበር የምትሰፋው። በማኅበሩ ውስጥ ይህን ልማዷን መተው ነበረባት። ከ1972 ጀምሮም ሲርስ ለሚባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት፣ ኮርዱሮይ ከሚባለው ሰንበር ሰንበር ካለው ወፍራም ጨርቅ የትራስ ልብስ በብዛት ይሰፉ ነበር። ያ ሥራ አሰልቺ መሆኑ የማይካድ ነው። ነገር ግን የተረፈውን የኮርዱሮይ ቁራጭ ወደ ቤታቸው ወስደው እንደ ቀድሞው እንደ ልባቸው ሰፉት፤ ከእነዚያም ሥራዎች አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን እጅግ የተደነቁ ሆኑ። ስለዚህ በትእዛዝ የተሠራውን የሚያጣጥል ሰው ቢኖር እኛ አንስማማም። አንደኛው ሥራ ልጅ አበላ፤ ሁለተኛው የሰፊዋን ሐሳብ ጠበቀ። ሁለቱም ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው።

በ2002 የጂዝ ቤንድ ብርድ ልብሶች በሂዩስተን ከተማ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። አልጋ ላይ ይነጠፍ የነበረው ነገር እንደ ታላላቅ ሥዕሎች በግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በአጠገቡም የሠሪዋ ስም ተጻፈ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት 10 ዓይነት ቴምብር በሥዕላቸው አወጣ፤ ተቋርጦ የነበረው ጀልባም በዚያው ዓመት ተመለሰ። ክብሩ ከመጣ በኋላ ግን የገንዘብ ጥያቄ ተነሣ። በ2007 ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራችን የተገኘው ትርፍ በሚገባ አልደረሰንም ሲሉ በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ነገሩ በ2008 በስምምነት አለቀ። ማኅበሩም አባሎቹ እያረጁ፣ ትእዛዙም እያነሰ ሄዶ በ2012 ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ የድኻ ሥራ ዋጋ ቢስ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚናገርለት ስላጣ ነው። ብርድ ልብሱ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለና በሙዚየም ተሰቅሎ ሳለ ያው አንድ ጨርቅ ነበር። ሁለተኛም፣ ማኅበር ጠቃሚ የሚሆነው አባሎቹ ከገቢው በላይ አንዱ ለሌላው የሚያስቡበት እንደ ሆነ ነው። ሦስተኛም፣ ሙያ ያለው ሰው ስሙ ከሥራው ጋር ሊጻፍለት ይገባል፤ ስሙ ያልተጻፈለት ሰው ዋጋውንም ለመጠየቅ ይቸግረዋልና።

ይህ ሦስተኛው ነገር ወደ እኛም ቤት ይመጣል። በየቤታችን እናት የፈተለችው ጋቢ፣ አያት የሰፋችው መሶብ ይገኛል። የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ ግን የጻፈው ሰው የለም፤ ያወቁት ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፣ በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ጠይቁ፤ የሠሪዋን ስም፣ የሠራችበትን ዘመንና ሙያውን ከማን እንደ ተማረች ጻፉ። ወላጆቻችንም ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ይህ ምን ይጠቅማል ሳትሉ እንድትመልሱላቸው በአክብሮት እንለምናለን። መምህሮቻችን ከፈቀዱልን የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ለማኖር አስበናል።