ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ነገ የት ይውላሉ?



ፀሐይ የምትጋረድበትን ቀንና ሰዓት ሊቃውንት ከብዙ ዓመት አስቀድመው አስልተው ይነግሩናል፤ እንደ ተናገሩትም ይሆናል። እንግዲያስ ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ወደ ሰማይ የላካቸው ሳተላይቶች የሚውሉበትን ስፍራ ማወቅ ስለ ምን አስቸገረ?

ምክንያቱ አየር ነው። ጨረቃ የምትዞረው ከምድር አየር እጅግ ርቃ ነው። በቅርብ የሚዞሩት ሳተላይቶች ግን እጅግ የሳሳ አየር እየተቋቋማቸው ጥቂት በጥቂት ዝቅ ይላሉ። ይህም አየር በአንድ መጠን አይጸናም፤ ፀሐይ በበረታች ጊዜ እየጋለ ወደ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ የሳተላይትን መንገድ የሚተነብይ ሰው የፀሐይንም ጠባይ መተንበይ ግድ ይሆንበታል።

ለዚህ ምስክሩ የስካይላብ ታሪክ ነው። አሜሪካኖች 77 ቶን ያህል የሚመዝነውን ይህን የጠፈር ቤት በ1965 ዓ.ም. ላኩት። በ1966 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሰዎች ለቀውት ሲወርዱ ገና 9 ዓመት ያህል እንደሚቆይ ተገምቶ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ አዲሱ ተመላላሽ መንኰራኵር ደርሶ ከፍ እንዲያደርገው ታሰበ። ነገር ግን ፀሐይ ከግምቱ በላይ በረታች፤ መንኰራኵሩም ዘገየ። ስካይላብ ሐምሌ 4 ቀን 1971 ዓ.ም. ወደቀ። ስብርባሪው በሕንድ ውቅያኖስ ብቻ ይቀራል ሲባል፥ ከፊሉ አልፎ በምዕራብ አውስትራሊያ በኤስፐራንስ ከተማ አካባቢ አረፈ። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ ኢሪዲየም 33 የተባለው የአሜሪካ የስልክ ሳተላይት፥ ሥራውን ካቆመው ከሩሲያው ኮስሞስ 2251 ጋር በሳይቤሪያ ሰማይ፥ 790 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተጋጨ። አስቀድሞ የወጣው ስሌት በ584 ሜትር እንደሚተላለፉ ያመለክት ነበር፤ ይሁን እንጂ የስሌቱ የስሕተት ወሰን ከዚህ ርቀት ይበልጥ ነበር። ከግጭቱም 2,000 ያህል ትልልቅ ስብርባሪ በጠፈር ተበተነ።

በዛሬው ጊዜ ሳተላይት የሚያስተዳድሩ ሰዎች የግጭት ማስጠንቀቂያ ሲደርሳቸው ከባድ ውሳኔ ይጠብቃቸዋል። ሳተላይቱን ከመንገዱ ፈቀቅ ቢያደርጉት ነዳጁ ያልቃል፥ ዕድሜውም ያጥራል፤ ቢተዉት ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የርቀቱን ቍጥር ብቻ አይመለከቱም፤ ያ ቍጥር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አብረው ይጠይቃሉ፥ በራዳርም ደጋግመው ይለካሉ። ከስሕተት ወሰኑ ተለይቶ የተነገረ ግምት ምን እንደሚያስከትል የየካቲቱ ግጭት አስተምሯቸዋልና።