ሁሉም ካልከፈለ ማንም አይከፍልም፦ ደን ያዳነው ውል ታሪክ

በምዕራብ ካናዳ፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ነጭ ድብ አለ። የዋልታ ድብ እንዳይመስላችሁ። ዝርያው ጥቁር ድብ ነው፤ ግን ከእናቱም ከአባቱም አንድ ዓይነት ስውር ዘረ መል ሲወርስ ፀጉሩ ክሬም የመሰለ ነጭ ይሆናል። ሁለቱም ወላጆቹ ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዎች “የመንፈስ ድብ” ይሉታል።

ይህ ድብ በመኸር ወቅት ወደ ወንዝ ወርዶ ሳልመን የተባለውን ዓሣ ያጠምዳል። ዓሣውን ይዞ ደኑ ውስጥ ይገባል፣ ጥሩ ጥሩውን ይበላና የቀረውን ዛፍ ሥር ጥሎት ይሄዳል። ዓሣው ሲበሰብስ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይገባል፤ ከአፈሩም ወደ ዛፉ። ተመራማሪዎች የዛፎቹን እንጨት መርምረው ከባሕር የመጣ ናይትሮጅን አግኝተውበታል። እስቲ አስቡት፤ ዛፉ ዓሣ በልቷል ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ድቡ እንዲተርፍ ወንዙም፣ ዛፉም፣ ዓሣውም አብረው መትረፍ አለባቸው። የደኑን ሩብ ጠብቆ የድቡን ሩብ ማትረፍ አይቻልም። ለተፈጥሮ ጥበቃ ገንዘብ የሚለግሱ ድርጅቶች ግን ለብዙ ዓመታት የለመዱት በቁርጥራጭ መስጠትን ነበር። አንዱ ለሁለት ዓመት ጥናት ይከፍላል፣ ሌላው ለአንድ መንደር ፕሮጀክት፣ ሦስተኛው ለዘመቻ። ጊዜው ሲያልቅ ሪፖርት ተጽፎ ይዘጋል።

ደኑ “ታላቁ የድብ ደን” ይባላል። 6.4 ሚሊዮን ሄክታር ይሰፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ የእንጨት ኩባንያዎች እዚያ የሚገኙ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ዛፎች ለመቁረጥ ሲዘጋጁ ጠቡ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር። በ1993፣ ከዚህ ደን በስተደቡብ ባለው የቫንኩቨር ደሴት፣ የእንጨት መኪናዎችን መንገድ ዘግተው ከቆሙ ሰዎች ከ800 በላይ የሚሆኑት ታስረዋል። በኋላ ተሟጋቾቹ ዘዴ ቀየሩ። ቆራጩን ትተው ወደ ገዢው ሄዱ፤ “ይህን እንጨት ለምን ትገዛለህ?” እያሉ። በ1999 ሆም ዲፖ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ አደጋ ላይ ካሉ ደኖች የሚመጣ እንጨት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ገበያ ሲሸሽ ደግሞ ኩባንያ ለድርድር ይቀመጣል፤ እነዚህም ተቀመጡ።

ታዲያ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር። እዚያ ለሺዎች ዓመታት የኖሩት ነባር ሕዝቦችስ? ዓሣ ማስገሩ ተዳክሞ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ ወጣቱ ከመንደሩ እየወጣ ነበር። ደኑ የእነሱ ነው፤ ማንም ከሩቅ መጥቶ ቆልፎባቸው ሊሄድ አይችልም። የነሱ መሪዎች ጥበቃውን ደገፉ፤ ግን የሚኖሩበት ኢኮኖሚ አብሮ ካልመጣ ውል እንደማይኖር ግልጽ አደረጉ።

ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ 120 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር። አንድ ድርጅት ብቻውን የሚሸከመው አልነበረም። የአሜሪካና የካናዳ በጎ አድራጊዎች ተሰባሰቡ። ከነሱ መካከል የሂውሌት፣ የፓካርድና የሙር ፋውንዴሽኖች ይገኙበታል። ስሞቹ የኮምፒውተር መደብር ውስጥ ያሉ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኤችፒ መሥራቾች ስም ነው፣ ጎርደን ሙር ደግሞ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ ነው።

ችግሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ቅደም ተከተልም ነበር። ማን ቀድሞ ይክፈል? እቁብ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ብሩን ተቀብሎ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። ዋስ ባይኖር ማን ልቡ ሞልቶ መዋጮውን ያወጣል? ለጋሾቹም ያስጨነቃቸው ይኸው ነው። አንዱ ቀድሞ ቢከፍልና ሌሎቹ ቢቀሩስ? መንግሥት “እነሱ ከፍለውላችኋል” ብሎ እጁን ቢሰበስብስ?

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ ሁሉም ካልከፈለ ማንም አይከፍልም። በጎ አድራጊዎቹ 60 ሚሊዮን አሰባሰቡ፤ ግን ቀሪውን 60 ሚሊዮን መንግሥት ካላሟላ ብሩ አይለቀቅም አሉ። የግዛቱ መንግሥት 30 ሚሊዮን እሰጣለሁ አለ፤ እሱም የፌዴራሉ መንግሥት ሌላውን 30 ካመጣ ነው። እንግዲህ አንዱ ክር ቢበጠስ ሁሉም ሊፈታ ነው። በየካቲት 2006 የግዛቱ መንግሥት የመሬት አጠቃቀም ስምምነቱን በይፋ ሲያውጅ፣ ኦታዋ ላይ ምርጫ ተካሂዶ ሥልጣን ገና ወደ ሌላ ፓርቲ መሸጋገሩ ነበር። አዲሶቹ ባለሥልጣናት ይህን ውል አልጀመሩትም፣ የመጨረስም ግዴታ አልነበረባቸውም። አንድ ዓመት ገደማ ተጠበቀ። በጥር 2007 የፌዴራሉ መንግሥት 30 ሚሊዮኑን እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ቋጠሮው ተቋጠረ።

ገንዘቡ የት ገባ? ግማሽ ያህሉ አይነኬ ተቀማጭ ሆነ። ዋናው አይወጣም፤ የሚያስገኘው ትርፍ ብቻ በየዓመቱ ለጥበቃ ሥራ ይውላል። ሌላው ግማሽ የነባር ሕዝቦቹ የራሳቸው የሥራ ፈጠራ ፈንድ ሆነ። ለምሳሌ ክሌምቱ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ማኅበረሰቡ የራሱ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ ቱሪስቱ ነጩን ድብ ፍለጋ ይመጣል። በጀልባ እየዞሩ ዳርቻውን የሚጠብቁ የአካባቢው ልጆች ደግሞ ከተቀማጩ ትርፍ ይደገፋሉ። በእኔ እይታ ውሉን ያቆመው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ድብ በሕይወት ሲኖር የሚተዳደር ሰው ሌላ ዘበኛ አያስፈልገውም። በ2016 በተደረሰ ተጨማሪ ስምምነት የደኑ 85 በመቶ ከኢንዱስትሪ ቆረጣ ውጭ ሆኗል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ስታዩ ትገረሙ ይሆናል፤ የኩባንያ ግዢና ሽያጭ ከሚካሄድበት ዎል ስትሪት ነው። እዚያ ትልቅ ውል የሚዘጋበት አንድ ቀን አለ። ገዢ፣ ሻጭ፣ አበዳሪ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይፈርማሉ፤ ከዚያ በፊት ሳንቲም አይንቀሳቀስም። የጎልድማን ሳክስ ባንክ ባልደረባ የነበረው ላሪ ሊንደን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ይህን አሠራር ለተፈጥሮ ጥበቃ አዋቅሮ በ2012 አስተዋወቀው። እነሱ ሲጽፉ ታላቁ የድብ ደን ቀድሞ የተሠራ ምሳሌ ሆኖ ጠበቃቸው።

ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። አንዱ በብራዚል አማዞን ነው። በ2014 የሙር ፋውንዴሽን፣ የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ፣ የጀርመን መንግሥትና ሌሎችም ተባብረው 215 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። የሚጠበቀው መሬት 60 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው፤ ከኢትዮጵያ ስፋት ከግማሽ በላይ። እዚህ አንድ አዲስ ዘዴ ተጨመረ፦ የለጋሾቹ ድርሻ በ25 ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ የብራዚል መንግሥት ድርሻ ደግሞ በዚያው ልክ ያድጋል። ገንዘቡን የሚይዘው ፉንቢዮ የተባለ ከመንግሥት ውጭ የሆነ ተቋም ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2019 የብራዚል መንግሥት ፖሊሲ ሲቀየር፣ በኖርዌይና በጀርመን ገንዘብ የቆመው ሌላኛው ፈንድ፣ የአማዞን ፈንድ፣ ታግዶ እስከ 2023 ድረስ ቆይቷል። ፉንቢዮ ሥራውን ቀጠለ። ይህ ማለት ግን ውል ሁሉን ያቆማል ማለት አይደለም፤ በዚያው ጊዜ የአማዞን ጭፍጨፋ በአጠቃላይ ጨምሯል።

ሌላም የሚያስጠይቅ ነገር አለ። እንዲህ ዓይነት ውል ዓመታት ይፈጃል፣ ጠበቃና ሒሳብ አዋቂ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚመረጠው ሰፊና ስመ ጥር ቦታ ነው። ነጭ ድብ ለጋሽ ያገኛል። አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ብትኖር ማን በ120 ሚሊዮን ይፈርምላታል? ደግሞስ የትኛው ደን እንደሚተርፍ የሚወስኑት ጥቂት ባለጸጎች መሆናቸው ልክ ነው? በ2021 ዘጠኝ በጎ አድራጊ ድርጅቶች በ10 ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ሲገቡ ይህ ጥያቄ አብሮ ገዝፏል።

በካናዳው ዳርቻ ግን ሥራው ከመሬት ወደ ውኃ ወርዷል። ሳልመኑ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ባሕር ውስጥ ነዋ! በሰኔ 2024 ነባር ሕዝቦቹ ከሁለቱ መንግሥታትና ከበጎ አድራጊዎች ጋር ለባሕሩ ጥበቃ የ335 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ውል ዘጉ። 200 ሚሊዮኑ ከፌዴራል መንግሥት፣ 60 ሚሊዮኑ ከግዛቱ፣ 75 ሚሊዮኑ ከለጋሾች ነው። በመጀመሪያው ውል በጎ አድራጊዎቹ ግማሹን ነበር የያዙት፤ በዚህኛው ሩብ እንኳ አይሞሉም።