ታምሞ መወዳደር፦ የወጣት አትሌቶች ሕመምና የአሠልጣኞች ውሳኔ

የክለብ ምልመላ ወይም የክልል ሻምፒዮና በሚካሄድበት ዕለት ማለዳ ትኩሳት ይዞት የተነሣ ወጣት ሯጭ ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ለአሠልጣኙ አይናገርም። የዓመት ልፋቱ የሚመዘነው በዚያች አንዲት ቀን ነው። ክለብ ከገባ ደመወዝ ያገኛል፤ ገጠር ያሉ ወላጆቹንም ይደጉማል። ስለዚህ የትኩሳት ማስታገሻ ክኒን ውጦ መነሻው መሥመር ላይ ይቆማል።

በአሠልጣኞች ዘንድ «ላብ ሲወጣው ይለቀዋል» የሚለው አስተሳሰብ የቆየ ነው። ጽናትን የሚያወድሱ ታሪኮችም ያጠናክሩታል። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2007 በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና ሆዷን እያመማት 10 ሺህ ሜትርን ማሸነፏ ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚያው ሻምፒዮና 5 ሺህ ሜትር አለመሮጧ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

አስተሳሰቡ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የስፖርት ሐኪሞች ሕመሙ ከአንገት በላይ ነው ወይስ ከአንገት በታች ብለው ይጠይቃሉ። የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስና ቀላል የጉሮሮ መከርከር ብቻ ከሆነ አትሌቱ 10 ደቂቃ ያህል በዝግታ ሮጦ ራሱን ሊፈትሽ ይችላል። ደረትን የሚያናውጥ ሳል፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ካለ ግን መሮጥ የለበትም።

ትኩሳት በተለይ የሚያስፈራው በልብ ምክንያት ነው። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ 10 ያህል ይጨምራል፤ ሩጫው ደግሞ የራሱን ጫና ያክልበታል። አንዳንድ ቫይረሶች የልብ ጡንቻን ያስቆጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ከባድ እንቅስቃሴ ማድረግ የልብ ምትን አዛብቶ ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል ይችላል። የልብ ጡንቻ ብግነት የተገኘበት አትሌት ከ3 እስከ 6 ወር ከውድድር እንዲርቅ የሚደረገውም ለዚህ ነው። የማስታገሻ ክኒኑ ትኩሳቱን ቢያወርድም በሽታውን አያድንም፤ አሠልጣኙ ሊያየው የሚችለውን ምልክት ግን ይሸፍንበታል።

በአገራችን ወባም አለ። ደጋ ላይ የሚሠለጥን ወጣት ቤተሰቡን ለመጠየቅ ቆላ ወርዶ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ በሽታውን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ብርድ ብርድ ሲለው ጉንፋን ይመስለዋል። ወባ ኦክስጅን የሚያጓጉዙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያጠፋ ታክሞ ከዳነ በኋላም ጉልበቱ ቶሎ አይመለስም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፈ» ብሎ ከቡድን የሚቀንስ አሠልጣኝ የሚፈርደው በደም ማነሱ ላይ ነው። የታመመ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የለም፤ ገበሬው ግን በሬውን በየማለዳው ያየዋል።

አሠልጣኙም በየማለዳው ሊያይ ይችላል። አትሌቱ ከመኝታው ሳይነሣ የሚቆጥረው የልብ ምት ከወትሮው በ10 ያህል ከፍ ካለ ድካም ወይም ሕመም አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓትና ደብተር ብቻ ነው። በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒትም ጣጣ አለው። በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች የሚገኙት ኢፌድሪንና ሱዶኢፌድሪን ከተወሰነ መጠን ካለፉ፣ በአፍ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በማንኛውም መጠን፣ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አስም ስለነበረበት የቤጂንግን የአየር ብክለት ፈርቶ በኦሎምፒኩ ማራቶን አልሮጠም። በ10 ሺህ ሜትር 6ኛ ወጣ። ከወር ጥቂት በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰንን አሻሻለ። ኃይሌ ግን ስመ ጥር ስለነበር ውድድሩን መምረጥ ይችል ነበር፤ የ17 ዓመቱ ልጅ ይህ ዕድል የለውም። አሠልጣኙም ቢሆን የሚመዘነው በሜዳልያ ነው።

ስለሆነም ትኩሳት እንዳለው የተናገረ አትሌት ሲያገግም ሰዓቱ በሌላ ቀን እንደሚለካለት ከምልመላው በፊት ሊነገረው ይገባል። ወደ ልምምድ የሚመለሰውም ያለ ማስታገሻ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከትኩሳት ነጻ ሆኖ ሲያድር ነው፤ ያኔም በእርምጃና በዝግታ ሩጫ ይጀምራል።